ከአባቴ ጋር በሸክላ ስንጣላ

ቤታችን ከአዳማ ለገሃር በስተኋላ፣
ሁለት ክፍል፣ አንድ ፓፓያ፣ አንድ የቆርቆሮ ጥላ፤
ሰፈሩ አባቴን የሚጠራው «ሙሴ ደበላ»።
ባቡር ጠጋኝ ነበር።
ብሎን ሲከብደው የሚራገም በፈረንሳይኛ፣
ማታ የሚጸልይ በኦሮምኛ፣
እኔን ሲቆጣ ብቻ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

አንድ መሐንዲስ ላገሩ ሲበቃ ትቶለት የሄደው ሣጥን
ካልጋው ሥር ነበር፤ አሥራ አንድ ሸክላ። በዚያ ነው ያደግን፣
የላቲን ፊደል ከሽፋናቸው ላይ እየለቀምን፣
ምስጥ የቀረጠፈውን ዘለን። ፎሬን «ፎ» ነበር የምለው
እስከ ስምንተኛ ክፍል፤ ጅራቱ የምስጥ ቀለብ ነው።

አባቴ፣ በርሊዮዝ! ከሱ ወዲያ ሰው የት አለ?
መለከቱ ሲያጓራ የጣሪያው ሚስማር ተነቀለ፣
ከበሮው ሲደረመስ የጋሪ ፈረስ ደነበረ፣
እሱ ግን ጆሮውን ከድምፅ ማጉያው ጨርቅ ላይ ለጥፎ ቀረ።
«ሙዚቃ እንዲህ ነው! እንደ ባቡር የሚመጣ፣
ሐዲዱ አስቀድሞ ተንቀጥቅጦ፣ ራሱ ኋላ ብቅ የሚል በቁጣ።
ያንቺስ ሰው? ሳቲ ነው ምንትሴ? ኪሱን የሚበረብር፣
አንድ ሳንቲም ጠፍቶበት! የኔው ግን፣ ድፍን መቶ ብር!»

እውነቱን ነው፣ ሳቲ ቆጣቢ ነው። አንድ ድምፅ ያኖርና ይጠብቃል፤
ባቡር እንደ ሄደበት አግዳሚ ወንበር
የተነሣውን ሰው ሙቀት ገና ያውቃል።
ቀትር ላይ፣ አዳማ በሩን ዘግቶ ሲያሸልብ፣
ነፋሱ ብቻውን ባስፋልቱ ላስቲክ ሲሰበስብ፣
እሱን ነበር የማጫውተው፣ ዝቅ አድርጌ፣ በጣም ዝቅ፣
ከፓፓያው ቅጠል ሹክሹክታ ተለይቶ እስከማይታወቅ።
አባቴም በርጩማ ስቦ ከጎኔ ቁጭ ይላል፣
ምንም ሳይተነፍስ። «ያፌዝብኛል» እላለሁ።
ሸክላው እስኪያልቅ ይታገሣል።

ሌሎቹን ከጠየቃችሁኝ፦ ደቡሲን አልጠላም፣ ውሃ ያበዛል እንጂ፤
ቧንቧ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣልን፤ ይውረድ ወንጂ፣
ለሸንኮራው ይፍሰስ።
ራቬል ሰዓት ሠሪ ነው፤ ጥርስ ከጥርስ የገጠመ፣
አደንቀዋለሁ፣ ሱፍ ለብሶ ከበር ላይ እንደ ቆመ
አማች።
ፎሬ የእናቴ ነበር። ሽንኩርት እየከተፈች፣
«ይኼ ሰው ልቅሶውን ጨርሷል፤ አሁን ፊቱን እየታጠበ ነው» አለች፣
አንድ ቀን። ስለ እሱ ከዚያ የተሻለ ሲነገር አልሰማሁም፤
ሸክላውንም ከሞተች ወዲህ ካቧራው አላወጣሁም።

ባቡሩ የቆመ ዓመት፣ አባቴን ሐኪም ቤት ወሰድኩት።
ወጣቷ ሐኪም ከጆሮው ኋላ ብረት አቃጨለች።
«ሰሙ?» አለችው። «ምኑን?» አላት።
ሠላሳ ዓመት ከፊሽካውና ከሞተሩ ጎን መኖሩን ሲነግራት፣
«ቀጭን ድምፅማ» አለች፣ «ድሮ ነው የሄደብዎት።»
ድሮ! ቀጫጭኑን ድምፅ ሁሉ ፉርጎ ጭኖ
ጅቡቲ አራግፎት ኖሯል፤ ለአባቴ የቀረው በርሊዮዝ ብቻ ሆኖ።

በጋሪ ስንመለስ ጮክ ብዬ ጠየቅሁት፦ «በዚያ ሁሉ ቀትር
ከጎኔ ስትቀመጥ ምን ይሰማህ ነበር?»
«ምንም» አለኝ። «ከንፈርሽን አይ ነበር፣
ዝምታውን ሲቆጥር።»

በርሊዮዝን ዛሬም አልወድም፤ ማንም በዚህ አይውቀሰኝ።
ግን ትናንት ሳቲን አወጣሁና ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቅሁት፤
የመርፌው ጭረት እንደ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣
የአባቴን መዳፍ ከማጉያው ጨርቅ ላይ አስደገፍኩት።
ጎረቤት በር አንኳኳ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣
«አሁንም ሳንቲሙን እየፈለገ ነው» አለኝ።

«አገኛት?»

«ገና ነው። ዝም በይ፣ ይፈልግ።»